የሰማይ ቍጥር በመጽሐፍና በአገር፤ መጽሐፈ ሄኖክና የሕንድ የጀግንነት ግጥሞች በሐርቡ ሚዛን

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጥንት መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው የፀሐይ፣ የጨረቃና የከዋክብት ቍጥር ለታሪክ ጸሐፊ ምን ያህል ምስክር ሊሆን እንደሚችል መመርመር ነው። ጥያቄው መጀመሪያ የተነሣብን የሕንድን ታላላቅ የጀግንነት ግጥሞች፣ ይልቁንም ማሃባራታን በሚመለከት የተጻፉትን ክርክሮች ስናነብ ነው። መልሱን ግን የፈለግነው ሩቅ አገር ሄደን ሳይሆን እዚሁ በገዛ መጻሕፍታችንና በገዛ ሰማያችን ሥር ነው።

ማሃባራታ በሁለት ወገን የአጎትማማች ልጆች መካከል ስለ ተደረገ ጦርነት የሚተርክ ድርሳን ነው። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በሰማይ ስለ ታዩ ምልክቶች በሰፊው ያወራል፤ ጅራታም ኮከብ ፑሽያ በምትባለው የከዋክብት ማደሪያ ላይ መቆሙን፣ ፀሐይና ጨረቃ መጨለማቸውን፣ አሩንዳቲ የምትባለው ደብዛዛ ኮከብ ከባልዋ ከቫሲሽታ ኮከብ ቀድማ መሄዷን ይናገራል። የጥንት ሕንዶች የጨረቃን መንገድ በ27 ማደሪያ ከፍለው ናክሻትራ ይሏቸው ስለ ነበር፣ ግጥሙ ስለ አንድ ቀን ሲናገር ብዙ ጊዜ ጨረቃ ያደረችበትን ማደሪያ ይጠራል። በቀስት ተወግቶ የወደቀው ሽማግሌው ቢሽማም ነፍሱን ያቆየው ፀሐይ ወደ ሰሜን ጉዞዋን እስክትጀምር ድረስ ነው።

እንግዲህ አያሌ ሊቃውንት እነዚህን ምልክቶች ሰብስበው ወደ ኋላ በማስላት የጦርነቱን ዓመት ለማወቅ ደከሙ። የደረሱበትን ውጤት ጎን ለጎን ብናስቀምጠው እንዲህ ነው፤ ሴንጉፕታ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2449 ዓመት አለ፤ ናራሃሪ አቻር 3067 አለ፤ ቫርታክ 5561 አለ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ከሦስት ሺሕ ዓመት የሚበልጥ ልዩነት አለ። ሁሉም የሚያሰሉት በአንድ ሰማይና በአንድ መጽሐፍ ነው። ስሌታቸው ስሕተት አለበት የሚል ነገር የለንም፤ የምንጠይቀው ከስሌቱ በፊት ያለውን ነው። የግጥሙ ቃል አንድ ሰው ዓይኑን ወደ ላይ አንሥቶ ያየውን የመዘገበ ነውን?

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው መጽሐፍ በእጃችን ያለው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። መጽሐፉ በሙሉ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል መልአኩ ዑራኤል የሰማይን ብርሃናት ሥርዓት ለሄኖክ እንዳሳየው የሚተርክ ነው። በዚያም ፀሐይ በምሥራቅ ባሉት ስድስት ደጃፎች ትወጣለች፣ በምዕራብ ባሉት ስድስት ደጃፎች ትገባለች። በመጀመሪያው ወር በአራተኛው ደጃፍ 30 ቀን ስትወጣ ትቈይና ቀኑ 10 ክፍል፣ ሌሊቱ 8 ክፍል ይሆናል፤ በአምስተኛው ደጃፍ 11 እና 7፣ በስድስተኛው ደጃፍ 12 እና 6 ይሆናል። ቀንና ሌሊት በጠቅላላው 18 ክፍል ስለ ሆኑ ረጅሙ ቀን የአጭሩን ሌሊት እጥፍ ያህላል ማለት ነው። ወራቱ ባለ 30 ቀን ሆነው በአራቱ የዓመቱ ማዞሪያዎች አንዳንድ ቀን ይጨመራል፤ ዓመቱም 364 ቀን ይሆናል። ይህ ቍጥር ለሰባት ያለ ትርፍ ስለሚካፈል ልክ 52 ሳምንት ነው። የጨረቃ ዓመት ደግሞ 354 ቀን ስለ ሆነ ጨረቃ በየዓመቱ ከፀሐይ 10 ቀን ወደ ኋላ ትቀራለች ይላል።

በአገራችን አንዳንድ ሰዎች፣ ከተማሪዎችም መካከል ሳይቀር፣ ይህን ክፍል ይዘው የጥንት ኢትዮጵያውያን ሰማዩን በዚህ አኳኋን ለክተውት ነበር ብለው ሲከራከሩ እንሰማለን። ክርክሩ ከአገር ፍቅር የመጣ ስለ ሆነ በንቀት ልናልፈው አይገባም። ነገር ግን ይህን አስተሳሰብ ከእነርሱ በፊት ወደ ሌላ አቅጣጫ የሞከረው ሰው አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ፣ ከመካከላቸው ለኦክስፎርድ በሰጠው ቅጂ ሪቻርድ ሎረንስ መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ በ1821 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ሎረንስም በመቅድሙ ላይ እንዲህ ሲል አሰበ፤ ከ18ቱ ክፍል 12ቱ ቀን ከሆነ በእኛ ሰዓት 16 ሰዓት መሆኑ ነው፤ ረጅሙ ቀን 16 ሰዓት የሚሆንበት አገር ደግሞ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 49 ዲግሪ ግድም ነው፤ እንግዲያውስ ጸሐፊው የኖረው በ45 እና በ49 ዲግሪ መካከል፣ ምናልባትም ወደ አሶርና ሜዶን ተማርከው ከሄዱት ነገዶች ወገን ሆኖ በካስፒያን ባሕር አካባቢ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። እኛም ደግመን አስልተነዋል።

አሁን የእኛን ሚዛን እናምጣ። ለመመዘኛ የመረጥነው ስፍራ ሐርቡ ነው። ሐርቡ በደቡብ ወሎ በቃሉ ወረዳ፣ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። የመረጥናትም በአንድ ገበያ ላይ የፀሐይ ወርና የጨረቃ ወር ጎን ለጎን የሚቈጠሩባት ስፍራ ስለ ሆነች ነው፤ ወደዚህ በኋላ እንመለስበታለን።

በሐርቡ ረጅሙ ቀን፣ ማለትም በሰኔ አጋማሽ ያለው፣ ከ12 ሰዓት ከ46 ደቂቃ አይበልጥም። በታኅሣሥ አጋማሽ ያለው አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ያህል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ሲሆን፣ ሄኖክ ግን ስምንት ሰዓት ያደርገዋል። በሐርቡ ቆሞ ፀሐይን የሚከታተል ሰው ቀኑ የሌሊቱ እጥፍ ሆነ ብሎ ሊጽፍ አይችልም። የስንክሳርም ነገር እንዲሁ ነው፤ በየወሩ መጀመሪያ የቀኑን ሰዓት ሲናገር ሰኔን 15፣ ታኅሣሥን 9 ሰዓት ይለዋል። ይህን በወሎ አብያተ ክርስቲያናት ሲነበብ የሚሰማ ምእመን ወደ ደጅ ወጥቶ ቢመለከት የሚያገኘው ሌላ ነው፤ ሆኖም ማንም ሰው በዚህ ሲቸገር አልታየም። ንባቡ የተሰማው እንደ ንባብ ነውና።

ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ደግሞ መጽሐፉ ያልተናገረው ነገር ነው። በሐርቡ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 10 እና በነሐሴ 18 ግድም፣ በቀትር ልክ በአናት ላይ ትቆማለች፤ የተተከለ እንጨት ያን ጊዜ ጥላ የለውም። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ በቀረው የዓመቱ ክፍል ወደ ሰሜን ይወድቃል። አባቶቻችን የጾም መፍቻ ሰዓትን ለማወቅ ጥላቸውን በጫማ ይሰፍሩ እንደ ነበር የታወቀ ስለ ሆነ፣ ይህን የጥላ መገላበጥ ሳያዩ ቀሩ ማለት አይቻልም። በሄኖክ መጽሐፍ ግን ስለዚህ ነገር አንድ ቃል እንኳ የለም። ይህን የጻፈው ሰው ጥላው ወደ ደቡብ ሲወድቅ አይቶ አያውቅም።

ሦስተኛው መመዘኛ እርሻ ነው። 364 ቀን ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት በአንድ ቀንና በሩብ ያህል ያንሳል። ጥቂት መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በ24 ዓመት 30 ቀን ይሆናል። የሐርቡ ገበሬ ዘሩን በሄኖክ ቍጥር ቢዘራ ኖሮ፣ በወጣትነቱ ሐምሌ ይለው የነበረው ወር ገና ሳያረጅ ሰኔ ላይ ይወድቅበት ነበር፤ በ72 ዓመት ደግሞ የመጽሐፉ ሐምሌ በሚያዝያ ይብታል። ክረምት የሚባለው ወር ክረምት አይሆንም። ማሽላ ደግሞ ወር በስሙ ስለ ተጠራለት አይበቅልም።

ታዲያ ይህ ቍጥር ከወዴት መጣ? ሎረንስ ወደ ሰሜን እንዳየው አይደለም። የረጅሙ ቀንና የአጭሩ ቀን ሁለት ለአንድ መሆን በባቢሎን ሙል-አፒን በሚባለው በሸክላ ላይ በተጻፈው የከዋክብት መጽሐፍ ይገኛል፤ በዚያም ሰዓት በሚንጠባጠብ ውኃ ክብደት ይለካ ነበር። አስደናቂው ነገር ባቢሎን ራስዋ ከምድር ወገብ 32 ዲግሪ ተኩል ብቻ የምትርቅ ስለ ሆነች፣ በዚያ የረጅሙ ቀን እውነተኛ መጠን ለአጭሩ ሦስት ለሁለት ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለት ለአንድ የሚለው ቍጥር በተወለደበት አገር እንኳ ለማስላት እንዲመች የተበጀ ሥርዓት ነበር እንጂ የማንም አገር ቀን አልነበረም። ሎረንስ በዓለም ካርታ ላይ የፈለገው አገር የለም።

ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን አራተኛ ዋሻ የወጡት የአራማይስጥ ብራናዎች ነገሩን አጸኑት። ከእነርሱ መካከል የዚሁ የብርሃናት ክፍል ቍርጥራጮች ተገኝተዋል፤ ከሁሉ የሚቀድመው ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 ዓመት ግድም የተጻፈ ነው። በአራማይስጡ ያለው የጨረቃ ሰንጠረዥ በግዕዝ ካለው እጅግ የረዘመ ስለ ሆነ፣ መጽሐፉ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ቍጥሩ እያጠረ መምጣቱን እናያለን። በቁምራን የነበሩት ሰዎችም የሚያከብሩት ባለ 364 ቀን ዓመት ነበር። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለነዚህ የሄኖክ ምዕራፎች ባሳተማቸው ሥራዎች የቍጥሩን አሠራር በዝርዝር አሳይቷል። እንግዲህ ከባቢሎን ወደ አራማይስጥ፣ ከአራማይስጥ ወደ ጽርእ፣ ከጽርእ በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ የተሻገረ አንድ መንገደኛ ቍጥር በእጃችን አለ። ይህን ቍጥር ሌሎቹ ሲጥሉት ጠብቆ ያቈየው የኢትዮጵያ ደብተራና ጸሓፊ ነው፤ በእኛ አስተያየት ክብሩም በዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቈጠሩ ሲሆኑ፣ ኩፋሌም 364 ቀን ብቻ እንዲቈጠር አጥብቆ ያዛል፤ ጨረቃን እያዩ ዘመንን የሚያበላሹትንም ይወቅሳል። ታዲያ አገሩ ይህን ካላደረገ በምን ቈጠረ? በባሕረ ሐሳብ ቈጠረ። ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ ሐሳብ ዓመቱን 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ያደርገዋል፤ ኬክሮስ የቀንና የሌሊት ስድሳኛ ክፍል ስለ ሆነ 15ቱ ሩብ ቀን ናቸው። ኩፋሌ የሚወቅሰውን ጨረቃንም በመካከል ያስቀምጣታል። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7517 ነው፤ ለ19 ተካፍሎ 12 ይተርፋል፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ሲባዛ 121 ነው፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ይሆናል። መስከረም 29 ረቡዕ ስለ ዋለ የረቡዕ ተውሳክ 4 ተጨምሮ 33 ሆነ፤ 30 ተገድፎ ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ዋለ። በሄኖክ ቍጥር ይህን ማግኘት አይቻልም። ያው ሊቅ ሄኖክን ከመጻሕፍቱ ጋር ይሳለማል፣ በዓሉን ግን በአበቅቴ ያወጣል። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ የተጻፈውና ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው አቡሻክርም ያገለገለው ለዚሁ ሥራ ነበር።

በዚህ ስሌት ውስጥ ያለችውን 11 ቍጥር ልብ ብሎ መመልከት ይገባል። ጨረቃ በዓመት ከፀሐይ የምትዘገየው 11 ቀን ያህል ነው፤ ሄኖክና ኩፋሌ 10 የሚሉት ፀሐይን ወደ 364 ስላሳነሱ ነው። የሐርቡ ሙስሊም ገበሬ ይህችን 11 ያለ መጽሐፍ ያውቃታል። ዘሩን በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፣ ጾሙን ግን ጨረቃ ታይታ ይይዛል፤ ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ በ33 ዓመት ግድም ወቅቶቹን ሁሉ ዞሮ ይመለሳል። በወጣትነቱ በክረምት የጾመ ሰው በጕልማሳነቱ በበጋ ይጾማል። የሻዕባን 29ኛ ማታ ወደ ምዕራብ የሚመለከቱት ሰዎች የሚሹት ቍጥር በመጽሐፍ ላይ የተጻፈ አይደለም፤ በሰማይ ጠርዝ ላይ ያለች ቀጭን ጨረቃ ናት።

ስለ ኮከብ ቈጠራ ጥቂት ብቻ እንበል፤ ብዙ ሰው ከሥነ ፈለክ ጋር አንድ ያደርገዋልና። በዐውደ ነገሥት የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ወደ ቍጥር ተለውጠው፣ ተደምረው ለ12 ይካፈላሉ፤ የተረፈው ቍጥር ኮከቡን ያሳያል ይባላል። የ12ቱ ስሞች ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ እያሉ እስከ ሑት ሲወርዱ ሁሉም ዐረብኛ ናቸው፤ በእስላም ወገንም በአብጀድ ፊደል የሚደረገው ስሌት ከዚሁ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ጥንቆላ ብላ ትነቅፈዋለች። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙ ኮከብ ቈጠራ ቢሆንም ቈጣሪው አንድም ጊዜ ወደ ሰማይ ማየት አያስፈልገውም። በዝናብ ቀን፣ በቤት ውስጥ፣ በቀን ብርሃን ይሠራል።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ የተጻፈ ሰማይ ለታሪክ ከቶ አይረባም ማለታችን ነውን? አይደለም። ከሐርቡ ወደ ሰሜን፣ ከኮምቦልቻ ዳገቱን ስንወጣ ደሴን እናገኛለን። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1882 እ.ኤ.አ. በዚያ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው ስለ ተደሰቱ ከተማ እንዲቈረቈር አዘዙ፣ ስሙንም ደሴ አሉት ተብሎ ይነገራል። በማሃባራታ የጥፋት ምልክት የሆነው ጅራታም ኮከብ በደሴ የደስታ ምልክት ሆነ። ስለ ምልክቱ ትርጕም ሰማዩ ምስክር አይሆንም፤ ስለ ዓመቱ ግን ይሆናል። በዚያው ዓመት በመስከረም የታየውን፣ በቀን ብርሃን በፀሐይ አጠገብ እስኪታይ ድረስ የደመቀውን ታላቅ ጅራታም ኮከብ፣ ስለ ዮሐንስ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች በሌላው ዓለም መዝግበውታል። የደሴ ትውፊት ከሌላ ምስክር ጋር የሚገጥምበት መጋጠሚያ አለው። በማሃባራታ ያሉት ምልክቶች ግን ዕድሜያቸው በማይተካከል ጸሐፊዎች እጅ የተጨመሩ ስለ ሆኑና ከግጥሙ ውጭ ምስክር ስለሌላቸው፣ አንዱ 2449፣ ሌላው 5561 ቢል የሚያስታርቃቸው የለም።

ሕንዶችም የራሳቸው ሄኖክ አላቸው ማለት ይቻላል። ቬዳንጋ ጅዮቲሻ የተባለው ጥንታዊ የዘመን ቍጥር መጽሐፍ ረጅሙን ቀን 18፣ አጭሩን 12 ሙሁርታ ያደርጋል፤ ሦስት ለሁለት መሆኑ ነው። ይህ ልክ የሚሆነው ከምድር ወገብ 35 ዲግሪ ግድም፣ ከካሽሚር አካባቢ ነው እንጂ የግጥሙ ታሪክ በሚፈጸምበት በጋንጅስ ሜዳ አይደለም። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ጸሐፊው የሰሜን ሰው ነበር አሉ፤ ሌሎች ቍጥሩ ከባቢሎን መጣ አሉ። ሎረንስ በሄኖክ ላይ ያደረገውን የሚያስታውስ ሰው ለመጀመሪያው አሳብ በቶሎ አይቸኵልም።

በማሃባራታ ውስጥ ለታሪክ ጸሐፊ ከጅራታም ኮከቡ ይልቅ የሚታመን ሌላ ስፍራ አለ፤ እርሱም እንደ አበቅቴ ሰዎች በሥራ ላይ ያዋሉትን ቍጥር የሚያሳየው ነው። አምስቱ የፓንዱ ልጆች በቍማር ተሸንፈው 12 ዓመት በዱር፣ 13ኛውን ዓመት ተሰውረው ሊኖሩ ማሉ፤ በ13ኛው ዓመት ቢታወቁ ስደቱን እንደ ገና ይጀምራሉ። አርጁና ለውጊያ በተገለጠ ጊዜ ዱርዮዳና ዓመቱ አልተፈጸመም ብሎ ተከራከረ። ቢሽማ ተነሥቶ አስላ፤ በየአምስት ዓመቱ ሁለት ወር ይተርፋል፣ ስለዚህ በ13 ዓመት 5 ወር ከ12 ሌሊት ተርፏል፣ ዓመቱም ተፈጽሟል አለ። እኛም በሐርቡ 11 ቍጥር ብናሰላው 13 ጊዜ 11 ቀን 143 ቀን፣ ማለትም ወደ 5 ወር ይጠጋል። ቢሽማ የተናገረው ጨረቃን ከፀሐይ ጋር ያስታረቀና መሬት የሚፈረድበት ቍጥር ነበር። ዱርዮዳና ግን ስሌቱን ሰምቶ መንግሥቱን አልመለስም አለ፤ የአሥራ ስምንቱ ቀን ጦርነትም ተከተለ።